ከመብራቱ ፊት ያለ እጅ

በጡረታ ሽኝቴ ቀን የሰጡኝን የግድግዳ ሰዓት እስከ ዛሬ አልሰቀልኩትም። ቁስቋም ካለው ቤቴ፣ ከአልጋዬ ሥር፣ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ልጄ በመጣች ቁጥር «እማዬ፣ ምነው ሰዓቱን አትሰቅይውም?» ትለኛለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰከንድ ስቆጥር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሰዓት አያስፈልገኝም። ደግሞም ተናድጃለሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ይረጋጋል፣ ለሁሉም ይቅር ይላል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ እንደዚያ አልሆንኩም። የተናደድኩበትን ነገር ከነምክንያቱ ልጽፈው ነው። ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንዷ እኔው ስለሆንኩ አዳልታለች የሚለኝ አይኖርም።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት መጀመሪያ ትኬት ቆራጭ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ የማሽን ክፍል ኦፕሬተር ነበርኩ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልጇ በጨለማ አዳራሽ እንደምትሠራ ለጎረቤት መናገር ታፍር ነበር። «መንግሥት ቤት ገብታለች» ብላ ታልፈው ነበር። ደመወዙም እንደ መንግሥት ቤት ነው፤ ስለሱ የምለው የለኝም።

ወደ ማሽን ክፍል ያስገባኝ አያ ሰይድ ነው። አያ ሰይድ የጎንደር ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ነበር። ወንድሞቹ ሁሉ ጨርቅ ሲነግዱ እሱ ገና በልጅነቱ በማኪና ተጭኖ የመጣ ፕሮጀክተር አየና እዚያው ቀረ። ቤተሰቡ «ሰይድማ ጨርቁን ትቶ ጥላ ይሸጣል» እያሉ ይስቁበት ነበር። ትኬት ስቆርጥ ሁለት ዓመት ሲያየኝ ቆይቶ አንድ ቀን «አንቺ ልጅ፣ እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» አለኝ። መዳፌን ገልብጦ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ «አያልብሽም፤ ነይ» አለ። ፊልም በላብ እጅ አይነካም። የቅጥር ፈተናዬ ይኸው ነበር።

ሙያውን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ያኔ ፊልም የሚመጣው በጥቅል ነው፤ አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ቢሄድ ነው። ስለዚህ ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንዱ ሊያልቅ ሲል ሌላው ይነሳል፤ ተመልካቹ ግን ማወቅ የለበትም። ከሥዕሉ ቀኝ ጥግ፣ ከላይ በኩል፣ አንዲት ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያን ጊዜ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር ታስነሻለሽ። ስምንት ሰከንድ ያህል ቆይታ ሁለተኛዋ ነጥብ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ ከዚህ ዘግተሽ ከዚያ ትከፍቻለሽ። ብርሃኑ የሚወጣው ከሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ነው። እየነደዱ ስለሚያጥሩ በእጅሽ እያቀራረብሽ ትመግቢያቸዋለሽ፤ ካረፈድሽ ሥዕሉ ቢጫ ይሆንና ሰዉ ያፏጫል። አያ ሰይድ እነዚያን ስምንት ሰከንዶች ሁልጊዜ ድምፁን አውጥቶ ይቆጥር ነበር። ያን ያህል ዘመን የሠራ ሰው እንደ ጀማሪ «አንድ፣ ሁለት» ሲል እየገረመኝ «አያ፣ ምነው በልብህ አትቆጥርም?» አልኩት።

«ልብ ይቸኩላል» አለኝ። «ሰከንዱ ደግሞ የኛ አይደለም፣ የሠሪው ነው። እኛ አደራ ጠባቂ ነን።»

ሌላም ልማድ ነበረው። ፊልም ሲያሳይ ሸራውን አያይም። በትንሿ መስኮት አጎንብሶ ሰዉን ያያል። «ፊልሙን አውቀዋለሁ፤ የማላውቀው ሰዉን ነው» ይላል። የት ጋ እንደሚስቁ፣ የት ጋ ወንበር እንደሚንቋቋ፣ ማን ሻርፗን ወደ ዓይኗ እንደምታስጠጋ በደንብ ያውቅ ነበር። እኔም ከእሱ ለምጄ፣ ብዙ ፊልሞችን ያየሁት በሰው ፊት ላይ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አለቆችን ያስጨነቃቸው አንድ ዓይነት ፊልም ነበር፤ ወጣት ልጅ በአባቱ፣ በአስተማሪው፣ በሰፈሩ ሕግ ላይ ሲያምጽ የሚያሳየው። የመሳም ነገር እንኳ እንደዚያ አላስጨነቃቸውም። ብዙ አለቃ አይቻለሁ። ባለ ካኪውንም፣ ባለ ከረባቱንም፣ ስልኩን ከጆሮው የማያወርደውንም። ሁሉም አንድ ናቸው። ልጁ በትናንቱ ላይ ካመጸ ያጨበጭባሉ። የመሬት ከበርቴ አባቱን ጥሎ የሄደውን ልጅ የወደዱት፣ ካድሬ አባቱን ጥሎ የሄደውን ልጅ ከልክለውናል። ቀጥለው የመጡት ደግሞ የኋለኛውን በነጻ አሳዩ አሉን። ዛሬ ላይ የሚያምጽ ወጣት ግን በማንም ዘመን አልተወደደም። ይኼን ለማወቅ ፖለቲካ መማር አያስፈልግም፤ ማሽን ክፍል ቁጭ ብሎ የሚመጣውን ወረቀት ማንበብ ይበቃል።

ወረቀት ሲመጣ አያ ሰይድ አይቆርጥም ነበር። የተከለከለው ቦታ ሲደርስ መዳፉን ከሌንሱ ፊት ያደርጋል። ሸራው ይጨልማል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል፣ ያ ቦታ ሲያልፍ እጁን ያነሳል። «በመቀስ የተቆረጠ አይመለስም፤ እጅ ግን ይነሳል» ይለኛል። የግድ ቁረጥ የተባለ እንደሆነ፣ በምላጭ ከሁለት ሥዕሎች መካከል ባለው መስመር ላይ ቆርጦ፣ ቁጥር ጽፎበት፣ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ያንጠለጥለዋል። የጎንደር ተራ ሲያልቅ ጫፉን ፋቅ ፋቅ አድርጎ፣ ማጣበቂያ ቀብቶ፣ በሁለት ጣቱ ይዞ ሃያ ድረስ ይቆጥርና መልሶ ይቀጥለዋል። ፊልሙ ወደሚቀጥለው ከተማ የሚሄደው ሙሉ ሆኖ ነው። እሱ ከቆረጠው አንድ ክንድ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም።

እጁ ከሌንሱ ፊት ሲሆን ታዲያ ከፊት ወንበር ያሉት ጎረምሶች ዝም አይሉም። «እጅህን አንሳ! እጅህን አንሳ!» እያሉ ወለሉን በእግራቸው ይደልቃሉ። አንድ ጊዜ፣ ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን በር ሰብረው የሚወጡበት ፊልም ሲታይ፣ አያ ሰይድ በሩ ሲሰበር ሸፈነ። ጩኸቱ የቤቱን ቆርቆሮ አነቃነቀው። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ጸጉሩን ያጎፈረ፣ አዛናው የሚባል ቀጭን ልጅ ነበር። ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ እኛ መስኮት አዙሮ፣ ጥበቃው በጆሮው ይዞ እስኪያወርደው ድረስ «እጅህን አንሳ!» አለ። አያ ሰይድ አልተቆጣም። «ይኼ ልጅ ሸጋ ነው፤ የሚጮኸው ለራሱ አይደለም፣ ለፊልሙ ነው» አለኝ። አያ ሰይድ በሰው ተሳስቶ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

ለጥቂት ዓመታት ደግሞ በተንቀሳቃሽ ሲኒማ ማኪና ገጠር ለገጠር ዞረናል። በኮላ ድባ ገበያ፣ የእህል ነጋዴው ከሄደ በኋላ፣ በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ሸራ ወጥረን አንድ ፊልም አሳየን። ልጁ የአባቱን በሬ ሸጦ ወደ ከተማ ይጠፋል። አውቶቡሱ ሲሄድ ፊልሙ ያልቃል። ሰዉ ሲነሳ አንድ ሽማግሌ ግን ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«ልጁስ ሄደ፤ ሸጋ» አሉ። «አባትየውስ? ምነው አባትየውን ሳታሳዩን መብራቱን አጠፋችሁት?»

«አባባ፣ ፊልሙ አልቋል» አልኳቸው።

«ለልጁ ነዋ ያለቀው» አሉኝ።

ስንመለስ አያ ሰይድ «ሽማግሌው ልክ ናቸው» አለ። «ያመጸውን ልጅ ሁሉም ያሳያል። የታመጸበትን አባት ግን ወይ ሲደበድብ ነው የምናየው፣ ወይ ሲሞት። ማታ ቤቱ ገብቶ ምን እንዳለ ያሳየን የለም።»

አያ ሰይድ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከሞተ በኋላ ቪዲዮ ቤት መጣ፣ ጥቅሉ ቀረ፣ ካርቦኑ ቀረ፣ ሁለቱ ማሽኖች ጨርቅ ለብሰው ቆሙ። እኔንም የአሥር ቀን ሥልጠና ሰጥተው ከኮምፒውተር ጋር አስተዋወቁኝ። ፊልም ድሮ በሁለት ሰው ሸክም ደረጃ የሚወጣ ነገር ነበር፤ አሁን ኪስ ይገባል። ማጨስ በተከለከለበት ክፍል ውስጥ እሳት ስመግብ የኖርኩት ሴት ቁልፍ ተጫኝ ሆንኩ። ገመዷንና የልብስ መቆንጠጫዎቹን ግን ከግድግዳው አላወረድኳቸውም።

ጡረታዬ ዓመት ያህል ሲቀረው ትርንጎ መጣች። የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ናት። ጎንደር ተምራ፣ በአንድ ፎቶ ቤት ሰርግ እየቀረጸች ትሠራ ነበር። በሥራዋ ምትክ ባለቤቱ ካሜራና ኮምፒውተር አውሷት፣ ሁለት ዓመት ፈጅታ አንድ ፊልም ሠራች። ሃርድ ዲስኩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«እትዬ ጥሩ፣ ሌላ የለኝም» አለችኝ። «ፎቶ ቤቱ ቦታ ጠቦኛል ብሎ የቀረውን ሁሉ አጥፍቶታል።»

«ከእኔ ዘንድ የጠፋ ፊልም የለም» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል።

ብቻዬን አየሁት። ታሪኩ ስለ ደም መመለስ ነው። የአንድ ቤት ታላቅ ልጅ በቂም ይገደላል። አባትየው ደም የነካውን የልጁን ሸሚዝ በቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቅሎ፣ ታናሽየው አድጎ ደሙን እንዲመልስ በየቀኑ እንዲያየው ያደርጋል። ታናሽየው ሲያድግ አልገድልም ይላል። ሰፈሩ ይሰድበዋል፣ ሴቶቹ በዘፈን ይወጉታል፣ ጓደኞቹ ብቻ አብረውት ይቆማሉ። በመጨረሻ አንድ ጧት ጠመንጃውን አውርዶ ጥይት ያጎርሳል፣ ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። ሰው ሁሉ ሊገድል ሄደ ብሎ ይከተለዋል። እሱ ግን ወንዝ ይወርዳል። ከጋቢው ሥር ሸሚዙን አውጥቶ ያጥባል፤ ይዞት ተመልሶ በሰው ሁሉ ፊት አጥሩ ላይ ያሰጣዋል። አባትየው ዱላውን ይዞ ይመጣል። አይመታውም። ከአጥሩ ሥር ይቀመጣል። ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ ማንም አይናገርም፣ የሽማግሌው እንባ ብቻ ይወርዳል። ከብዙ ጊዜ በኋላ እጁን ይዘረጋና የሸሚዙን እጅጌ ዳሰስ አድርጎ «ደርቋል?» ይላል። አለቀ።

መብራት አብርቼ እዚያው ተቀመጥኩ። የኮላ ድባው ሽማግሌ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ መልስ አገኘ። አባትየውን አሳየችን።

ደግሞ ትርንጎ ያልነገረችኝን ሌላ ሰው ነገረኝ። አባት ሆነው የሠሩት የገዛ አባቷ አያ ጫኔ ናቸው። ታናሹን የሠራው ታናሽ ወንድሟ ነው። ሸሚዙም የእውነት ሸሚዝ ነው፣ የሟች ታላቅ ወንድሟ፤ አሥራ አንድ ዓመት ምሰሶ ላይ ኖሯል። አያ ጫኔ «አንድ ጊዜ ብቻ ይታጠባል፤ ሁለተኛ አታስደግሙኝ» ብለው ነው እሺ ያሉት። በመጀመሪያው ቀን ትዕይንት የገዳይ ወገን ሽማግሌዎችን ጎንደር አምጥተው ከጎናቸው አስቀምጠው ሊያሳዩዋቸውም ተነጋግረዋል። ዕርቁን በአፋቸው ማለት ስላቃታቸው፣ በዚያ ፊልም ሊሉት ነው።

አዳራሹ ገምጋሚ ኮሚቴ አለው። ሰብሳቢው አቶ አዛናው ነው። አዎ፣ ያ አዛናው። ጸጉሩ አልቋል፣ ሆዱ መጥቷል፣ ከረባት አለው። ሻይ ስንጠጣ «እኛ እኮ በዚህ ቤት ወንበር ላይ ወጥተን የጮኽን ትውልድ ነን» እያለ ለጀማሪዎቹ ያወራል። ፊልሙን አይተው ሲጨርሱ ቃለ ጉባኤ ጻፉ፦ ፊልሙ ጥሩ ነው፣ ፈረሱ ጥሩ ነው፣ ቀረርቶው ጥሩ ነው። ልጅ የአባቱን ክብር የሚያዋርድበትና ሽማግሌ የሚያለቅስበት የመጨረሻው ዘጠኝ ደቂቃ ግን ለወጣቱ ምሳሌ ስለማይሆን ይቆረጥ። እነዚህ ሰዎች ጥይት ሲጎርስ ምንም አልመሰላቸውም። ሸሚዝ ሲታጠብ ነው የደነገጡት። «እንዲህ ከቆረጣችሁት ልጁ ሊገድል እንደወጣ ይቀራል እኮ» ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ። የጡረታ ፋይሌ አዛናው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ስለነበር ዋጥኩት።

በልቤ ግን አንድ ዘዴ አስቤ ነበር፣ የአያ ሰይድን ዘዴ። ቆርጬ ለኮሚቴው አሳያለሁ፣ ይፈርማሉ፤ በመክፈቻው ቀን መልሼ ቀጥዬ ሙሉውን ለሕዝብ አሳያለሁ። ትርንጎንም «አታስቢ፣ ለእኔ ተይው» አልኳት። ማሽን ክፍል ገብቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ በሥልጠናው እንዳሳዩኝ የመጨረሻውን ዘጠኝ ደቂቃ ቆረጥኩ። ማሽኑ ላስቀምጠው ወይ አለኝ፤ አስቀምጥ አልኩት። ለእኔ የተቆረጠ ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ዕድሜ ልኬን የማውቀው ይኼንን ነው። ወለል ላይ ይወድቃል፣ ታነሺዋለሽ፣ ገመድ ላይ ትሰቅይዋለሽ። ኮሚቴው ፈረመ። እኔም ለመቀጠል ስመለስ የሚቀጠል ነገር አልነበረም። በሙሉው ፊልም ላይ አጭሩን ደርቤ አስቀምጬበታለሁ። ከሥሩ ምንም የለም።

ፒያሳ ያለ የኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ይዤው ሮጥኩ። ሁለት ቀን ሞክሮ ራሱን ነቀነቀ። ላዩ ላይ የአዳራሹን ማስታወቂያዎች ስገለብጥበት ሰንብቼ ኖሯል። አዛናው ዘንድ ገብቼ የሆነውን ነገርኩት። ሳቀ።

«ምን ታደርጊዋለሽ፣ ተገላገልን በይ» አለኝ። «ፖስተሩ ተለጥፏል፤ ያለውን አሳዪ።»

ያለውን አሳየሁ። ለትርንጎ አልነገርኳትም። በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ዋልኩ፣ ከዚያ ቀኑ ደረሰ። በመስኮቷ አጎንብሼ፣ ሰዉን እያየሁ፣ ማን የት እንደተቀመጠ ለየሁ። አያ ጫኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ጋቢ ለብሰው ነበሩ። ከጎናቸው የእነዚያ ወገን ሁለት ሽማግሌዎች። ልጁ ጥይት አጎረሰ፣ ጋቢውን ደረበ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ። ሸራው ጠፋ፤ የአዳራሹ መብራት በራ። አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበ። ጎረምሶቹ አፏጩ፤ «ጀግና!» ያለም ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች አያ ጫኔን አንድ ጊዜ አዩአቸው። ተነሡ፣ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ትርንጎ ወደ መስኮቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጎንበስ አልኩ።

ከሳምንት በኋላ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ። አያ ጫኔ ደጃፋቸው ላይ አገኙኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ውኃ አቀረቡልኝ። ጠጥቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ሰው ላክሁባቸው፣ እታለም» አሉኝ። «ታጥቧል ብዬ ነገርኳቸው። ‹በዓይናችን ያየነው ጥይት ሲጎርስ ነው፤ ሸሚዙን አላየንም› አሉ። ምን ይበሉ፣ እውነታቸውን ነው። ትንሹን ልጅ እንኳን ወዲያ ቆላ ዘመድ ዘንድ አሽሽቼዋለሁ።»

«እንደገና ቢቀረጽስ አያ? እኔ ወጪውን...»

«ምኑ ይታጠባል?» አሉኝ። ሸሚዙን አውጥተው አሳዩኝ። ነጭ ነው። ተጣጥፎ ሞሰብ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ደም እኮ የለውም እንግዲህ።»

ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። «ኮሚቴው ቆረጠው ቢባል ከኮሚቴው ጋር እጣላ ነበር» አለችኝ። «የቆረጡት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ ጥሩ። እኔ ለእነሱ አልሰጠሁም፤ ለእርስዎ ነው የሰጠሁት።» በሚኒባስ ስመለስ ከዳባት የመጣ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ማዳበሪያ ሲያወራኝ መጣ፤ እሺ እሺ እያልኩ ገባሁ።

ከወራት በኋላ የሽኝቴ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ለስብሰባ ሊታደስ ነው፤ የእኔ ሽኝትና የማሽኖቹ ሽኝት በአንድ ቀን ዋለ። ወንበሩ እንዲሞላ ከየትምህርት ቤቱ የቲያትር ክበብ ልጆች አምጥተዋል። አዛናው ንግግር አደረገ፤ ሰዓቱን ሰጠኝ፤ «ለመጨረሻ ጊዜ የወደድሽውን አሳዪን» አለኝ። ቃሉን ተቀበልኩ። ለትርንጎ አስቀድሜ ልኬባት ነበር፤ መጥታ ከኋላ ረድፍ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። የብረት ደረጃውን ወጥቼ የእሷን ፊልም ከፈትኩ።

ልጁ ጥይት አጎረሰ፣ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። የጭብጨባው ቦታ ደረሰ። የአዳራሹን መብራት አላበራሁም። በመስኮቷ አፌን አስጠግቼ ጮህኩ። «ፊልሙ አላለቀም! ልጁ ሊገድል አልሄደም፣ ወንዝ ወርዶ የወንድሙን ሸሚዝ አጥቧል። አባቱም አልመታውም። ይኼን ኮሚቴው አስቆረጠኝ፤ እኔ ቆርጬ አጠፋሁት። ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ ቦታውን ታዩታላችሁ።» ከዚያ ባዶውን መብራት ለቀቅኩት። ሸራው ነጭ ሆነ።

መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ አጉረመረሙ። በሦስተኛው ደቂቃ ዝም አሉ። በአምስተኛው ደረጃው ሲጮህ ሰማሁ። አዛናው እየተነፈሰ ገባ።

«አጥፊው» አለኝ።

«ገና ነው።»

«ጥሩወርቅ፣ እንግዳ አለ እዚህ። በክብር እየሸኘንሽ ነው። አጥፊው።»

«ገና አራት ደቂቃ ይቀረዋል።»

የማጥፊያውን ቁልፍ አያውቀውም። ወዲያ ወዲህ አየ። ከዚያ እጁን ሰደደና መዳፉን ከመብራቱ ፊት አደረገ። በደንብ አልሸፈነውም። ሸራው ላይ አምስት ትልልቅ ጣቶችና የኮት እጅጌ ወጡ።

ከታች፣ ከፊት ወንበር፣ አንድ ጎረምሳ «እጅህን አንሳ!» አለ። ሌላው ተቀበለው። ከዚያ ሁሉም። «እጅህን አንሳ! እጅህን አንሳ!» ወለሉን በእግራቸው ደለቁት። ማንም አላስተማራቸውም፤ ከመብራት ፊት እጅ ያየ ወጣት የሚለው ይኼንኑ ነው። አዛናው ፊቱ ደም ለበሰ። እኔን አየኝ። ላግዘው አልፈለግኩም። እጁን አወረደ። የቀረውን ጊዜ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ሲያልቅ ሳይሰናበተኝ ወረደ። ይቅር አላልኩትም። ይቅርታ ለማድረግ እኔ ማን ነኝና።

ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ ትርንጎ ከደረጃው ሥር ጠበቀችኝ። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር፤ ሞኝነቴ አያልቅም።

«ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነበር» አለችኝ።

«ቃለ ጉባኤው ላይ ዘጠኝ...»

«ወረቀቱን የጻፉት እነሱ ናቸው። የሠራሁት እኔ ነኝ። አባቴ ‹ደርቋል?› የሚለው በአርባዋ ሰከንድ ውስጥ ነው።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰከንድ የጠበቅኩ ሴት፣ ሠሪዋን ሳልጠይቅ የቆራጮቹን ወረቀት አመንኩ። ደግሜ ቆረጥኩባት። ደረጃውን ተመልሼ ወጣሁ፤ ከኋላዬ እግሯን ሰማሁት። አዳራሹ ባዶ ነበር። ማሽኑን አስነሥቼ ነጩን መብራት ለቀቅኩት። የሸለሙኝን ሰዓት ከካርቶኑ አላወጣሁትም። እንደ አያ ሰይድ ድምፄን አውጥቼ ቆጠርኩ፣ አንድ፣ ሁለት። ትርንጎ በትንሿ መስኮት አጎንብሳ ሸራውን ታይ ነበር። ሠላሳ አንድ ላይ ስደርስ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኔ መቁጠሬን አላቋረጥኩም። አርባ ስል እጄን አንሥቼ ጠበቅኋት።

«አሁን ይጥፋ» አለችኝ። አጠፋሁት።